እህቴ ያለ ፍቅር ልታገባ ነው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ባለ ትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታናሽ እህቴ 29 ዓመቷ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ትሠራለች፤ የምትኖረው ከእናታችን ጋር ነው። በቅርቡ አንድ የ41 ዓመት ሰው ሽማግሌ ላከባት። የሕንፃ መሣሪያ መደብርና የራሱ ቤት አለው፤ ዝምተኛና ጨዋ ነው ይሉታል። እህቴም እሺ አለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «እንደ አንቺ በፍቅር አልከነፍኩም፤ ግን አከብረዋለሁ። የራሴ ቤትም እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ» አለችኝ። አምና የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» አብረን አንብበን ስለነበር፣ በንዴት እናታችን ፊት «ሻርሎት ሆነሽ ቀረሽ! ለጣሪያ ብለሽ ራስሽን ሸጥሽ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። እኔ ግን እውነቱን የነገርኳት ይመስለኛል። የእኛዋ ሰብለ ወንጌልስ ለፍቅር ስትል የአባቷን ቤት ጥላ ኮብልላ የለም? ሽማግሌዎቹ ቀን ሊቆርጡ በቅርቡ ይመለሳሉ። እንዴት ላስቁማት?

መምህርቷ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ እህትሽን አብዝተሽ እንደምትወጃት ደብዳቤሽ ይናገራል፤ ቁጣሽም የመጣው ከዚያ ነው። ቢሆንም እርሷን ስለ ማስቆም ከመነጋገራችን በፊት ለሻርሎት ሉካስ ልሟገትላት እወዳለሁ፤ ስሟን ለስድብ አውለሽዋልና። መጽሐፉን በወጣትነቴም ልጆች ከወለድኩ በኋላም አንብቤዋለሁ። ዕድሜዬ በጨመረ ቁጥር ከዋናዋ ገጸ ባሕርይ ከኤልሳቤጥ ይልቅ ስለ ሻርሎት አብዝቼ አስባለሁ።

ታሪኩን ላላነበቡት ባጭሩ ላስታውስ። በ1813 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ሚስተር ቤኔት የሚባል ባለርስት አምስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ወንድ ልጅ የለውም። ርስቱ በወንድ መስመር ብቻ እንዲተላለፍ የታሰረ ስለሆነ፣ እርሱ ዓይኑን በጨፈነ ማግስት ቤትና መሬቱ ለዘመዱ ለሚስተር ኮሊንስ ይሆናል፤ እናትና ልጆች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ኮሊንስ ቄስ ነው፤ ወሬው የማያልቅ፣ ለባለጸጎች የሚያጎበድድ፣ ከሁሉ በላይ ራሱን የሚያደንቅ ሰው። ለሁለተኛዋ ልጅ ለኤልሳቤጥ የጋብቻ ጥያቄ አቀረበላት፤ እምቢ አለችው። ከዚያ በሦስት ቀን ውስጥ ዞሮ ጓደኛዋን ሻርሎትን ጠየቃት፤ እሺ አለችው።

ኤልሳቤጥም እንዳንቺው ጮኻለች። ወሬውን ከሻርሎት ከራሷ አፍ ስትሰማ በድንጋጤ «የማይሆን ነገር!» ብላ ተናገረች። ነገር ግን ወዲያው ራሷን ገትታ መልካም ምኞቷን ገለጸችላት። ሻርሎት ስትመልስላት፣ በፍቅር ሕልም የምትወሰድ ሴት ሆና እንደማታውቅ፣ የምትፈልገው የሚመች ቤት ብቻ እንደሆነ፣ የሰውየውን ጠባይና ኑሮ ስታየው ደግሞ ከእርሱ ጋር ደስተኛ የመሆን ዕድሏ ከብዙዎቹ ሙሽሮች እንደማያንስ ነገረቻት። እህትሽ ካለችሽ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ግን አይደለም፤ ልዩነቱን ቆይቼ አመጣዋለሁ።

ሻርሎት ያን ጊዜ 27 ዓመቷ ነው። ቁንጅና የላትም፣ ገንዘብ የላትም፣ ከእርሷ በታች እህቶችና ወንድሞች አሏት። እሺ ባለችበት ዕለት ቤቷ ውስጥ የሆነውን ገጽ እንደገና አንብቢው። ወንድሞቿ ከእንግዲህ ቆማ ቀርታ ሸክም እንደማትሆንባቸው አውቀው እፎይ አሉ። ታናናሽ እህቶቿ እኛም ካሰብነው አንድ ሁለት ዓመት ቀድመን ወደ ግብዣና ጭፈራ መውጣት እንችላለን ብለው ተስፋ አደረጉ። እናቷ ደግሞ ሚስተር ቤኔት ስንት ዓመት ሊኖር እንደሚችል ማስላት ጀመረች፤ ርስቱ ለአማቿ ይሆናልና። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሰውየውን ትወጂዋለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ውሳኔዋን ስትኮንኚ እነዚህን ሰዎች ከሥዕሉ አውጥተሻቸው እንደሆነ አስቢ።

የዘመኑን ሕግም አትርሺ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ያገባች ሴት የምታገኘው ደመወዝ፣ ይዛው የመጣችው ጥሬ ገንዘብና ንብረት በሕግ የባሏ ነበር። ሠርታ ያገኘችውን በስሟ እንድትይዝ የፈቀደላት የ1870 ሕግ ነው፤ ንብረቷን ሁሉ የራሷ ለማድረግ እስከ 1882 ድረስ መጠበቅ ነበረባት። ዩኒቨርሲቲው፣ ጥብቅናው፣ ክህነቱ ለወንዶች ብቻ ነበር። ተምራ ገንዘብ የሌላት ሴት የሚቀራት በሰው ቤት የልጆች አስተማሪ ሆኖ መቀጠር ነበር፤ እርሱም ከባለቤቶቹ ገበታ የማትቀርብበት፣ ከሠራተኞቹም የማትቀላቀልበት የብቻ ኑሮ ነው። ኮሊንስ ኤልሳቤጥን ሲጠይቃት ይህን ሳያፍር በገንዘብ ቆጥሮ ነግሯታል፤ እናትሽ ስትሞት የሚደርስሽ በዓመት በመቶ 4 ወለድ የሚያስገኝ 1 ሺህ ፓውንድ ብቻ ነው፣ ሌላ የሚያገባሽ ሰው መምጣቱም ያጠራጥራል ብሏታል። በዓመት 40 ፓውንድ ማለት ነው። አባቷ በሕይወት ሳለ ያ ቤት በዓመት 2 ሺህ ያገኛል። ኤልሳቤጥ ይህን ሰምታ እምቢ ማለቷን አከብራለሁ። ግን እርሷ ገና 21 ዓመት አልሞላትም፣ ውብ ናት፣ አንደበቷ ስል ነው፣ ከጀርባዋም የሚደግፋት አባት አለ። ደግሞም ደራሲዋ በዓመት 10 ሺህ ፓውንድ የሚያገኘውን ዳርሲን አዘጋጅታላታለች። ለሻርሎት የተዘጋጀላት ማንም አልነበረም።

ኦስተን ራሷ ከሁለቱም ወገን ቆማ ታውቃለች። በታኅሣሥ 1802 ሃሪስ ቢግ-ዊዘር የሚባል የትልቅ ርስት ወራሽ እናግባ ብሎ ጠየቃት፤ 27 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት መሆኑ ነው። ማታ እሺ አለችው፤ ጠዋት ቃሏን አነሣች። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቷ ሞቱ። ከእናቷና ከእህቷ ጋር ከቤት ቤት እየተዘዋወሩ ወንድሞቿ በሚያዋጡላቸው ኖሩ፤ በ1809 ወንድሟ ኤድዋርድ ቻውተን በሚባል መንደር ቤት እስኪሰጣቸው ድረስ ማለት ነው። ከእህትሽ ጋር ያነበብሽውን ጨምሮ መጻሕፍቷ ተስተካክለው ለኅትመት የበቁት እዚያ ቤት ውስጥ ነው። የዚህን ልብ ወለድ መብት ለአሳታሚው የሸጠችው በ110 ፓውንድ ነበር፤ እርሷ የፈለገችው 150 ነበር።

ይህችው ሴት ለወንድሟ ልጅ ለፋኒ የጻፈቻቸው ሁለት ደብዳቤዎች አሉ። በ1814 በጻፈችው፣ ያለ ፍቅር ከማግባት ማንኛውም ነገር ይሻላል፣ ማንኛውንም ነገር መቻል ይመረጣል ትላታለች። በ1817፣ በሞተችበት ዓመት፣ ደግሞ ያላገቡ ሴቶች ድሃ ሆነው የመቅረት ክፉ ዕጣ እንዳላቸውና ይህም ለማግባት አንድ ብርቱ ምክንያት እንደሆነ ጻፈችላት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይጠቅሳል። ሁለቱንም የጻፈችው አንዲት አክስት ለአንዲት ልጅ ነው፤ ሁለቱንም የምታውቀው ኖራቸው ነው። አንቺ ለእህትሽ ግማሹን ብቻ ነው ያደረስሽላት።

አሁን ወደ ሻርሎት ቤት እንግባ። ሻርሎት ካገባች በኋላ ኤልሳቤጥ ኬንት ድረስ ሄዳ ስትጠይቃት አንድ ነገር ይገርማታል፤ ሻርሎት ቀኑን የምታሳልፈው ሰፊውንና መልካም ገጽታ ያለውን ክፍል ትታ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ነው። ትንሽ ቆይታ ምክንያቱ ገባት። የባሏ ክፍል በመንገዱ በኩል ስለሆነ ሚስቱ የምትቀመጥበት ክፍል ያን ያህል የሚስብ ቢሆን ከእርሷ አይለይም ነበር። አትክልት መኮትኮት ለጤናህ ጥሩ ነው እያለች ወደ ውጭ ትልከዋለች። የሚያሳፍር ነገር ሲናገር አንዳንዴ ፊቷ ይቀላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዳልሰማች ትሆናለች። ቤቷ ንጹሕ ነው፤ ዶሮዎቿን ትወዳለች፤ ማንም እንዲያዝንላት አትለምንም። ኦስተን ይህን ስትጽፍ አታፌዝባትም፣ አታሞግሳትምም። ዋጋውን ታሳየናለች፤ ሻርሎት የጠየቀችውን ቤት አግኝታለች፣ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ባሏን ከማየት የምትሸሸግበት ክፍል አስፈልጓታል።

ለምን አስፈለጋት? እዚህ ላይ ነው እህትሽና ሻርሎት የሚለያዩት። ሻርሎት ኮሊንስን አታከብረውም። ሞኝ መሆኑን አውቃ ነው ያገባችው። እህትሽ ግን ምን አለችሽ? «አከብረዋለሁ» አለች። ይህን ቃል ራስሽ ጽፈሽልኝ ሳለ ዝም ብለሽ አልፈሽዋል።

መጽሐፉ ውስጥ በፍቅር የተጀመሩትን ትዳሮችም ተመልከቻቸው። የኤልሳቤጥ አባት ሚስቱን ያገባት በወጣትነቷና በውበቷ ተማርኮ ነው። ጥቂት ሳይቆይ አእምሮዋን ናቀ፤ አክብሮትና መተማመን ከቤቱ ወጡ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ተደብቆ፣ ልጆቹ ፊት በእናታቸው እየቀለደ ኖረ። እርሱም እንደ ሻርሎት የሚሸሸግበት ክፍል አለው፤ ይህን ስታነቢ አስተውለሽው ይሆን? ትንሿ ልጅ ሊዲያ በ16 ዓመቷ ዊክሃም የሚባለውን መኮንን ወድዳ አብራው ኮበለለች። ሰውየው ሊያገባት አላሰበም ነበር፤ ያገባት ዳርሲ ከ1 ሺህ ፓውንድ የሚበልጥ ዕዳውን ከፍሎለት፣ በስሟ ሌላ 1 ሺህ አስቀምጦላት፣ ማዕረግ ገዝቶለት ነው። ዊክሃም ለእርሷ የነበረው ስሜት ብዙ አልቆየም። መጨረሻ ላይ ኤልሳቤጥ ዳርሲን ላገባው ነው ስትል አባቷ ሀብቱ ደስተኛ ያደርግሽ ይሆን ብሎ ጠየቃት። የለመናት አብራው የምትኖረውን ሰው ማክበር ሳትችል ቀርታ እንዳያያት ነው። ከራሱ ቤት የተማረው ያንን ነው። ኤልሳቤጥም ዳርሲን መውደድ የጀመረችው ጠባዩን አውቃ፣ የቤት ሠራተኛው እንኳን በመልካም እንደምታነሣው ሰምታ፣ ካከበረችው በኋላ ነው። ዳርሲ መጀመሪያ እንድታገባው ሲጠይቃት ግን ይህ ሁሉ ሀብት እያለው አባርራዋለች።

ስለ ሰብለ ወንጌል ያነሣሽው ደግሞ ለአንቺ አይመሰክርልሽም። በ1958 ዓ.ም. ሐዲስ ዓለማየሁ ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የመጡትን ጠያቂዎች በዘር እየመዘኑ የመለሱ አባት ናቸው። ሰብለ ወንጌል የሸሸችው የሚያዝላትን ቤት ነው፤ ይህን አግቢ ይህን አታግቢ የሚላትን ድምፅ። ዛሬ በእህትሽ ቤት ያ ድምፅ የማን እንደሆነ ለራስሽ መልሺው። የወደደችውን በዛብህንም አስታውሺ፤ የእነርሱ ፍቅር ማረፊያ ቤት ሳያገኝ ነው መቃብር የገባው። ያን ታሪክ አንብበን ያለቀስነው ሁለቱ አብረው የሚኖሩበት ደጃፍ ስላጡ ነው እንጂ ቤት መፈለግ ነውር ስለሆነ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያልኩት «እህትሽ ትክክል ናት፣ ተያት» ለማለት እንዳይመስልሽ። ሰውየውን አላውቀውም፣ አንቺም ብዙ የምታውቂው አይመስለኝም። ሻርሎት አንድ በር ብቻ ነበራት። እህትሽ ግን ሥራ አላት፣ በስሟ ደመወዝ ትቀበላለች፣ ሕጉም ከጎኗ ነው። ስለዚህ ከሻርሎት በላይ የመጠየቅ መብት አላት፤ የምትጠይቀውንም አብራችሁ ብታስቡበት እወዳለሁ።

የመጀመሪያው ስለዚያው ስለ ቤቱ ነው። የራሴ ቤት እፈልጋለሁ ብላለች፤ ግን ቤቱ የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ባልና ሚስትን በትዳራቸው አስተዳደር እኩል አደረጋቸው፤ ከጋብቻ በኋላ ሁለቱም በሥራቸው የሚያፈሩት የጋራ ነው። ሰውየው ከጋብቻ በፊት የሠራው ቤት ግን በሌላ ካልተስማሙ የግሉ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሴቶች የማያውቁት ሌላም አለ፤ በውርስ ሕጋችን የትዳር ጓደኛ ከሕጋዊ ወራሾች መካከል አይቆጠርም። ኑዛዜ ሳይተው ቢሞት የግል ቤቱ የሚሄደው ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለው ለወላጆቹና ለእነርሱ ተወላጆች ነው። ወይዘሮ ቤኔት ዕድሜዋን ሙሉ «ባሌ ሲሞት ከዚህ ቤት እንባረራለን» እያለች ስታላዝን ብዙ አንባቢ ይስቅባታል። እኔ አልስቅባትም፤ እዚህ አገር እንደ እርሷ ጓዟን ጠቅልላ የወጣች ሴት አይቻለሁ። ባልና ሚስት ከጋብቻ በፊት ወይም በጋብቻቸው ዕለት ስለ ንብረታቸው በጽሑፍና በምስክሮች ፊት ውል መዋዋል ይችላሉ። አንድ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ይህን ማንሣት ስስት አይደለም፤ የጨዋ ልጅ ስለ ንብረት አትናገርም የሚለው ወግ ብዙ ጨዋ ልጆችን ጎድቷል። ሰውየው ጥያቄውን ሲሰማ የሚያሳየው ፊትም ስለ ጠባዩ ብዙ ይነግራታል።

ሌላው ሥራዋ ነው። ካገባች በኋላ በሥራዋ ትቀጥል እንደሆነ፣ ስለ ልጅ ምን እንደሚያስብ፣ እናታችሁን ማን እንደሚጦር ቀን ከመቆረጡ በፊት ይነጋገሩበት፤ ሽማግሌ ሳይኖር፣ ሁለቱ ብቻቸውን። ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚያዝ፣ ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ፣ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቂ። ይህ የታላቅ እህት ሥራ ነው፤ ካደረግሽው ከመቶ ስድብ ይልቅ ይጠቅማታል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። 29 ዓመት የሞላት፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጅ በየሰርጉና በየለቅሶ ቤቱ «አንቺስ መቼ ነው?» መባሏ አይቀርም። ቆሞ ቀር የሚለው ቃል ፊቷ ላይ ባይነገርም ከጀርባዋ ይሰማታል። እሺ ያለችው ሰውየውን አክብራ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ይህን ወሬ ሽሽት ከሆነ ሌላ ነው። መልሱን የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት፤ ለአንቺም የምትነግርሽ ከተመለሽላት ብቻ ነው።

ስለዚህ የሰደብሻት እናታችሁ ፊት ስለሆነ ይቅርታም የምትጠይቂያት እዚያው እናታችሁ ፊት ይሁን። ይቅርታ ካልሽ በኋላ «ግን» አትጨምሪበት። ከዚያ ለብቻ ቁጭ በሉና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂያት፤ «ይህ ሰው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ታዝኛለሽ ወይስ ቀለል ይልሻል?» ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ፤ አስተማሪነትሽን በር ላይ ተዪው። «ቀለል ይለኛል» ካለችሽ ማስቆም የምትችዪው ሌላ በር በመክፈት ነው። ከባለቤትሽ ጋር ተመካክረሽ ቤትሽ ያለ ክፍል ለእርሷ ይሁን፤ ወይም የራሷን ቤት ልትከራይ ስትል የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ አግዣት፤ እናታችሁን የመጦሩንም ሸክም ተካፈዪ። «አዝናለሁ» ካለችሽ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አንቺም ከእናትሽ ጎን ተቀመጪ፤ ስለ ውሉ የሚነሣውን ጥያቄ እህትሽ አፍራ ብትተወው አንቺ አንሺው።

እህቴ፣ ሽማግሌዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ሂጂ። ስልክሽን የማታነሣው ከሆነ ከሥራ ስትወጣ ደጅ ላይ ጠብቂያት።